መመርመርና መላ መፍጠር

የተሰጠውን ጥያቄ የሠራ ተማሪ ዐዋቂ ይባላል። ጥያቄው ራሱ ተገቢ መሆኑን መመርመር ግን ሌላ ሙያ ነው። የሁለቱን ልዩነትና ዝምድና ከቀድሞው የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ የተነሣው ሐዲድ ያስረዳል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ፣ የመሥመሩ የመጀመሪያ ክፍል ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐረር ግን ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። «ባቡሩ ተራራውን እንዴት ይውጣ?» ለሚለው መላ አይጠፋም፤ ገንዘብ ካለ ዋሻም ድልድይም ይሠራል። መርማሪ አእምሮ ግን አስቀድሞ፣ «የሚፈለገው ከተማዋ ናት ወይስ የደጋው ንግድ?» ይላል። ጥያቄው ሲለወጥ መላውም ይለወጣል፤ ሐዲዱ ተራራውን ትቶ በግርጌው አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ቦታው በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብሎ ነበር። (መመርመር ብቻውን ሐዲድ እንደማይዘረጋም አይዘነጋ፤ ቀያሽና ሠራተኛ ያስፈልጋል።)

የነባሪቱ ሐረር ንግድ ግን ቀስ በቀስ ወደ ቆላው ወረደ። ስለዚህ መምህሩ ካርታውን በክፍል ሲዘረጋ፣ «ሐዲዱ በየት ይለፍ?» ከማለቱ አስቀድሞ፣ «ማንን ይጠቅማል? ማንንስ ይጎዳል?» ብሎ ያስጠይቅ፤ ተማሪው እርሳሱን የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ይሁን።