ሳይደርቅ አይመዘን
(በዘንድሮው የምሩቃን መገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



መሸርሸር ሲባል ሁላችንም ቶሎ የሚታየን ክረምት የሚጠርገው አፈር ነው። እኔ ግን እንጀራዬን የምበላው ሰማይ ላይ ባለው መሸርሸር ነው። «እዚያ ዝናብ የለ፣ ጎርፍ የለ፣ ምኑ ይሸረሽራል?» ትሉ ይሆናል። እናቴም የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው።

የሚሸረሽረው ኦክስጅን ነው። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የኦክስጅንን ሞለኪውል ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ብቻውን የቀረው አቶም ደግሞ ካገኘው ነገር ጋር ካልተዋሐደ አያርፍም። ሳተላይት በሰከንድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ስለምትበር እነዚህን አቶሞች እየገጨች ነው የምትሄደው። እነሱም ፕላስቲኩንና ካርቦኑን ወደ ጋዝ እየለወጡ ይበሉታል።

ናሳ በ1984 እ.ኤ.አ. የአውቶቡስ ያህል የምትገዝፍ፣ ኤልዴፍ የተባለች የሙከራ ሳተላይት አመጠቀ። በዓመት ገደማ ትመለሳለች ተብላ ነበር፤ የቻሌንጀር አደጋ ፕሮግራሙን አዛባውና የተመለሰችው በ1990 መግቢያ ነው። በፊት ገጿ በኩል የነበረው፣ ምንም ያልተቀባው የካርቦን ፋይበርና የኢፖክሲ ኮምፖዚት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ተበልቶ ተገኘ። ስስ የፕላስቲክ ናሙናዎችማ ጭራሽ ጠፍተዋል።

ታዲያ ለምን በወፍራም ብረት አይሸፈንም? ክብደት ነዋ! ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የሀገራችን የመጀመሪያ ሳተላይት እንኳ ሁለመናዋ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ስለዚህ አንዱ መንገድ ከፀጉር በመቶዎች እጥፍ በሚቀጥን የሲሊከን ኦክሳይድ ሽፋን መቀባት ነው። ችግሩ ቀዳዳ ነው። የቆርቆሮ ጣራ በአንዲት የሚስማር ቀዳዳ እንደሚያፈሰው ሁሉ፣ ከላይ የማትታይ ጭረት ከሥር ዋሻ ታበጃለች። ሁለተኛው መንገድ ሲሊከኑን ከሙጫው ጋር አብሮ ማዋሐድ ነው። ላዩ ሲሸረሸር ሲሊከኑ ይቀራል፣ ከዚያው ከኦክስጅኑ ጋር ተዋሕዶ መስታወት የመሰለ ሽፋን ይሆናል። ቢጫርም እንደገና ይሸፈናል። ጠላትን አጥር እንደማሳጠር ቁጠሩት። የኔ ሥራ በዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ናሙናችንን የኦክስጅን ፕላዝማ ውስጥ ከትተን ስናወጣው፣ የጎደለው ክብደት ከጠበቅነው በጣም ያነሰ ሆነ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ለጉባኤ የሚቀርበውን ጽሑፍ ጨርሼ ልልክ ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ አንዲት ተማሪ «ሁለተኛው ሚዛን ላይ ሲወጣ ደርቆ ነበር?» አለችኝ። ዝም አልኩ። መጀመሪያ የመዘንኩት ከማድረቂያ እንደወጣ ነበር፤ ከፕላዝማው በኋላ ግን ጠረጴዛ ላይ አሳድሬዋለሁ። እንዲህ ዓይነት ፕላስቲክ ከአየር የሚጠጣው እርጥበት ከክብደቱ 1 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። እኛ የምንፈልገው ጉድለት እኮ ከዚያ ያነሰ ነው! አየሩ የሰጠኝን ውኃ «ቁሱ ቻለ» ብዬ ልጽፍ ነበር። ጽሑፉን ተውኩት። በቫክዩም አድርቀን ስንደግመው ማሻሻያው እውነት ሆኖ ተገኘ፤ መጠኑ ግን እንዳወራሁት አልነበረም።

ያሳፈረኝ ስህተቱ ብቻ አይደለም። እዚሁ ግቢ፣ የአፈር ላቦራቶሪ ውስጥ ቴክኒሻኑ ጋሼ «ሳይደርቅ አይመዘን!» እያሉ እርጥቡን ናሙና ከሚዛን ላይ ያነሱብን ነበር። 105 ዲግሪ፣ ሌሊቱን ሙሉ። እኛ ቶሎ ወደ ካፌ ለመሮጥ እናጉረመርም ነበር። ትዝ ይላችኋል አይደል?

ትናንት ላቦራቶሪውን አየሁት። ሚዛኑ ያው የኛ ዘመን ሚዛን ነው፤ የማድረቂያው በር በሽቦ ታስሯል። እኔ መንኮራኩር እንሥራ ልል አልመጣሁም። አንድ ስሱ ሚዛንና አንድ የቫክዩም ማድረቂያ ለመግዛት እናዋጣ ነው የምለው። የድርሻዬን ዛሬ ጠዋት ለማኅበሩ ገንዘብ ያዥ አስረክቤያለሁ።

እናንተ ወጣት መምህራን ደግሞ፣ ውጤቱ በጣም ሲያስደስታችሁ ያን ጊዜ ደግማችሁ መዝኑ። የምትጠይቃችሁንም ተማሪ አትቆጧት።