ቮልቴጅ ዝቅ አልል ያለ ላፕቶፕ
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ለጨዋታ ተብለው ስለሚሠሩ ላፕቶፖች ልንነጋገር ነው ሲባል ነገሩ የወጣቶች መዝናኛ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ፊልም ከሚያቀናብሩት፣ የሕንፃ ንድፍ ከሚያወጡትና የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከሚጽፉት ሰዎች ብዙዎቹ የሚገዙት እነዚህኑ ላፕቶፖች ነው፤ ብርቱ ናቸውና። ብዙው ሰው ያለው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱንም ያገኘው በረጅም ቁጠባ ወይም ውጭ አገር ከሚኖር ዘመድ ነው። እንግዲህ ይህ መሣሪያ አንድ ቀን ጠዋት አልነሣም ቢል የሚቋረጠው ጨዋታው ብቻ ሳይሆን እንጀራውም ነው ማለት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሙቀት ነው። ፕሮሰሰር በሥራ ላይ ሳለ የሚፈጀው ኃይል ከቮልቴጁ ጋር እኩል እየተራመደ የሚያድግ አይደለም፤ የሚያድገው ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ እንዳለ ሆኖ ቮልቴጁ ከመቶ 10 እጅ ቢቀነስ፣ ለሥራው የሚውለው ኃይል ከመቶ 19 እጅ ያህል ይቀንሳል። ፋብሪካውም ፕሮሰሰሩን ሲልክ ለእርጅና፣ ለከባድ ሙቀትና ላልታሰበ ሥራ የሚሆን መጠባበቂያ ቮልቴጅ ጨምሮ ይልካል። ቮልቴጅን ዝቅ ማድረግ ሲባል ከዚህ መጠባበቂያ ላይ ጥቂት ቆርሶ መውሰድ ማለት ነው። ፍጥነት ሳይጠፋ ሙቀት ይቀንሳል፤ የማራገቢያውም ጩኸት ይበርዳል።

ይህ ለአዲስ አበባ ነዋሪ በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው ከሚሆነው የበለጠ ትርጉም አለው። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው፤ በዚህ ከፍታ የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት እየዞረ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ የከተማዋ አየር ቀዝቃዛ በመሆኑ ጉድለቱን በጥቂቱ ይክሳል።

ከአብዛኞቹ የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ሙቀት 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ይህን ያየ ሰው ወዲያው ወደ ቮልቴጅ መሮጥ የለበትም። አስቀድሞ ማራገቢያው ከአቧራ መጽዳቱን፣ በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል የሚቀባው ፔስትም አለመድረቁን ይመርምር። አቧራ የደፈነውን ማራገቢያ በቮልቴጅ ለመፈወስ መሞከር የታመመውን ትቶ ጤነኛውን ማከም ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቮልቴጁ ዝቅ ከተደረገ በኋላ የሚመጣው ችግር ሁለት መልክ አለው። አንደኛው፣ ትእዛዙ ተቀባይነት አግኝቶ ኮምፒዩተሩ ሲታመም ነው፤ ሁለተኛው፣ ትእዛዙ ጭራሹን ተቀባይነት ሲያጣ ነው። ሁለቱን ያልለየ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲባዝን ይከርማል።

የመጀመሪያው ምልክቱ የታወቀ ነው፤ ሰማያዊው ገጽ ይመጣል፤ ወይም መሣሪያው ባለበት ደርቆ ይቀራል። ብዙውን ሰው የሚያታልለው ግን የሚታመምበት ሰዓት ነው። ላፕቶፑ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከባድ ጨዋታ ሲያስኬድ ምንም ሳይሆን ይቆይና፣ ባለቤቱ ጨዋታውን ዘግቶ ጋዜጣ ሊያነብ ሲቀመጥ ድንገት ይጠፋል። «በከባዱ ሥራ ያልወደቀ በቀላሉ እንዴት ይወድቃል?» ብሎ ባለቤቱ ጥፋቱን በዊንዶውስ ላይ ያሳብባል። ነገር ግን ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲፈታ ፍጥነቱም ቮልቴጁም አስቀድሞ ዝቅ ይላል፤ በዚያ ዝቅታ ላይ እኛ ያዘዝነው ቅናሽ ሲጨመርበት ከሚበቃው በታች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፈተናው በሩጫም በዕረፍትም መደረግ አለበት፤ አንድ ሌሊት ሳይሠራ በርቶ ማደሩ ራሱ አንድ ፈተና ነው።

ምርመራው የሚጀመረው ቅናሹን ወደ ዜሮ በመመለስ ነው። በዜሮ ላይም መሣሪያው የሚደርቅ ከሆነ በደለኛው ቮልቴጅ አይደለም፤ ማስታወሻ ቺፑን፣ ዲስኩንና የግራፊክስ ድራይቨሩን መርምሩ። በዜሮ ላይ ጤነኛ ከሆነ ግን ቅናሹን በ10 በ10 ሚሊቮልት እየጨመራችሁ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ጥቂት ቀን እየቆያችሁ ሂዱ። የፕሮሰሰሩን ልብና ካሽ የተባለውን ፈጣን የማስታወሻ ክፍል ለየብቻቸው ፈትኗቸው፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው ካሹ ነውና። ዊንዶውስ ኢቨንት ቪውወር በሚባለው መዝገቡ ውስጥ ዌያ ሎገር በሚል ስም፣ የሃርድዌር ስሕተት ተፈጥሮ እንደ ታረመ ቢጽፍ፣ መሣሪያው ባይወድቅም እንኳ ጠርዙ ላይ ደርሷልና 20 ሚሊቮልት ያህል ወደ ኋላ ተመለሱ። በነገራችን ላይ ስሮትልስቶፕ በተባለው ፕሮግራም 100 ሚሊቮልት ቀንስ ብላችሁ ብታዝዙ 99.6 ቀንሻለሁ ብሎ ያሳያችኋል። ቅናሹ የሚቆጠረው በቮልት 1/1024ኛ እርከን ስለ ሆነ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በፕሮግራም የታዘዘ ቅናሽ መሣሪያው ፈጽሞ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ፈተናው ሳያልቅ ፕሮግራሙን ከዊንዶውስ ጋር አብሮ እንዲነሣ አታዝዙት፤ ያለዚያ ስሕተቱ መሣሪያው በተነሣ ቁጥር አብሮ እየተነሣ ሲጥለው ይኖራል። ከእንቅልፍ ሲነቃ ቅናሹ ጠፍቶ ሙቀቱ ቢመለስም ምክንያቱ ይኸው ነው፤ እንደገና ይታዘዝ።

ከሰማያዊው ገጽ የሚከፋው ግን ሳይጮኽ የሚሳሳት ፕሮሰሰር ነው። መሣሪያው አይወድቅም፤ ነገር ግን የታመቀ ፋይል ሲፈታ ተበላሽቷል ይላል፤ የተቀናበረው ፊልም መካከሉ ላይ ይቆረጣል። ቮልቴጅ ያነሰው ፕሮሰሰር ሒሳቡን አንዳንዴ ይሳሳታል ማለት ነው። ቀጥለን የምንናገረው መቆለፊያም የተወለደው ከዚህች ስሕተት ነው።

በ2019 (እ.ኤ.አ.) ታኅሣሥ ወር የእንግሊዙ በርሚንግሃም፣ የኦስትሪያው ግራትስና የቤልጅጉ ሉቨን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ፕለንደርቮልት ብለው የሰየሙትን ጥናት ገለጹ። ኢንቴል ምስጢር የሚጠበቅበት ኤስጂኤክስ የሚባል የተከለለ ክፍል በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ሠርቶ ነበር። የክፍሉን ግድግዳ ዊንዶውስም ሆነ የመሣሪያው አስተዳዳሪ እንዳያልፈው ሆኖ የታሰበ ነው። ተመራማሪዎቹ ግድግዳውን አልነኩትም፤ በውስጡ ሒሳብ በሚሠራበት ቅጽበት ቮልቴጁን ዝቅ አደረጉና ማባዛቱን አሳሳቱት፤ ከተሳሳተውም ውጤት የምስጢሩን ቁልፍ ለማወቅ ቻሉ። ተጫዋቾች ማራገቢያ ጸጥ ለማሰኘት የሚጠቀሙበት መንገድ ለሌባም መንገድ ሆኖ ተገኘ።

ኢንቴል መልስ የሰጠው የቮልቴጁን በር ለመቆለፍ የሚያስችል ማስተካከያ በማውጣት ነው። ላፕቶፕ ሠሪዎችም ይህን በየባዮሳቸው ዕድሳት አድርገው አሠራጩት። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ምንም ሳያደርግ ዕድሳቱን ተቀብሎ በማግሥቱ ላፕቶፑ እንደ ቀድሞው ሲግል አገኘው። በእኔ አስተያየት ቆላፊዎቹን መውቀስ አያስፈልግም፤ ባለቤቱን ሳይጠይቁና ሳያስታውቁ መቆለፋቸው ግን የሚያስመሰግን አይደለም። አጥቂው ለዚህ ዘዴ አስቀድሞ የመሣሪያው ሙሉ ባለሥልጣን መሆን ይኖርበታል፤ ኤስጂኤክስንም ኢንቴል ራሱ በኋላ ከወጡት የኮር ፕሮሰሰሮቹ ላይ ትቶታል። በቤቱ ለሚሠራ ሰው ከዚህ በኩል የሚመጣው አደጋ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ትእዛዙ ተቀባይነት ሲያጣ በሩን የዘጋው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። በትእዛዙ ሳጥን ውስጥ 80 ቀንስ ተብሎ ተጽፎ ሳለ በሠንጠረዡ ላይ ለውጡ ዜሮ ሆኖ ከታየ ቆላፊ አለ። ቆላፊው ዊንዶውስ ሊሆን ይችላል፤ ኮር አይሶሌሽን በሚባለው ክፍል ውስጥ ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የተባለው ጥበቃ በርቶ ከሆነ ቮልቴጅ የሚያዝዘው ፕሮግራም ወደ ፕሮሰሰሩ ላይደርስ ይችላል። ይህ በአንድ ቁልፍ የሚጠፋ ነው፤ ግን ከቫይረስ የሚጠብቅ ዘብ መሆኑን ዐውቃችሁ አጥፉት። ቆላፊው ፕሮሰሰሩ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ከ12ኛው ትውልድ ወዲህ ከወጡት የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ብዙዎቹ፣ ኤችኤክስ በሚል ፊደል ከሚጠሩት በቀር፣ ለዚህ ሥራ የተዘጉ ናቸው። በዚህ ጊዜ ባዮስ መለወጥ አይረዳም። ሁለቱ ካልሆኑ ቆላፊው ባዮሱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ሲደርስ ነው።

ባዮስ ማለት ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት መሣሪያውን የሚቀሰቅሰው ፕሮግራም ነው፤ የሚኖረውም በማዘርቦርዱ ላይ በተተከለች፣ ብዙውን ጊዜ ስምንት እግር ባላት ትንሽ ቺፕ ውስጥ ነው። በፕሮግራም የተሰጠ የተሳሳተ ትእዛዝ ኃይል ሲጠፋ እንደሚሰረዝ ተናግረናል። በዚህች ቺፕ ላይ የተጻፈ ስሕተት ግን ኃይል ቢጠፋም አይጠፋም።

መቆለፊያውን የሚፈቱ ሰዎች በሁለት መንገድ ይሄዳሉ። አንዳንዶቹ የባዮሱን ፕሮግራም ሳይነኩ ከተጠቃሚው የተደበቀውን ኦቨርክሎኪንግ ሎክ የተባለውን ምርጫ በአድራሻው ፈልገው 1 የነበረውን 0 ያደርጉታል። መንገዱ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አድራሻው ከሞዴል ሞዴል፣ በአንድ ሞዴልም ከእትም እትም ይለያያል። ከጓደኛ የተገኘውን ቁጥር እንዳለ የሚጽፍ ሰው የማን ቤት እንደ ሆነ ሳያውቅ በር የሚሰብር ሰው ነው፤ መቆለፊያውን የፈታ መስሎት ማያውን የሚያበራውን ምርጫ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ አድራሻው ከራሳችሁ መሣሪያ፣ አሁን ካለበት እትም ይውጣ፤ ከመጻፋችሁም በፊት በቦታው ያለውን አንብቡ፤ 1 ካልሆነ እጃችሁን ሰብስቡ። ለዚህ ሥራ ሴኪዩር ቡት የሚባለው ጥበቃ መጥፋቱ ስለማይቀር በኋላ መልሳችሁ አብሩት፤ ለምሳሌ ቫሎራንት የተባለው ጨዋታ በዊንዶውስ 11 ላይ ያለ እርሱ አይከፈትም።

ሌሎቹ የባዮሱን ፕሮግራም ራሱን ለውጠው መልሰው በቺፑ ላይ ይጽፋሉ። ይህን ለሚያስብ ሰው ሠሪው ኢንቴል ቡት ጋርድን ማብራቱን ማወቅ ግዴታ ነው፤ ይህ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ዘብ ሲሆን፣ የሚጠብቀው የባዮሱ ክፍል ያለ ሠሪው ፊርማ ከተለወጠ መሣሪያው አይነሣም። ዊንዶውስ ዲስኩን በቢትሎከር ቆልፎት ከሆነም ባዮሱ ሲለወጥ 48 አኃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩ አስቀድሞ በወረቀት ካልተጻፈ ቺፑ ድኖ ፋይሉ ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። በሚጻፍበት ጊዜ ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ማንም አስቀድሞ አያውቅምና።

መሣሪያው ማራገቢያውን እያዞረ ማያው ጨለማ ሆኖ ቢቀርስ? አንዳንድ ሠሪዎች በፍላሽ ላይ በተቀመጠ ፋይል የሚያድኑበት መንገድ አላቸው፤ ያ ይቅደም። የሰዓቱን ባትሪ ማውጣት በብዙ ላፕቶፖች ላይ አይረዳም፤ ምርጫዎቹ የተጻፉት በዚያችው ቺፕ ላይ ነውና። የመጨረሻው መንገድ ቺፑን በውጭ ፕሮግራመር መጻፍ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ብዙ መሣሪያ ገድሏል። አንደኛው የቺፑ ቮልቴጅ ነው፤ ቺፑ ባለ 3.3 ወይም ባለ 1.8 ቮልት ሊሆን ስለሚችል በላዩ የተጻፈው ቁጥር ሳይነበብ ፕሮግራመር አይሰካ። ሁለተኛው የጎረቤትን ባዮስ መገልበጥ ነው። በቺፑ ውስጥ የመሣሪያው የራሱ መለያ ቁጥርና በብዙዎቹም የዊንዶውስ ፈቃዱ አለ፤ የሌላ ሰው ቅጂ ከተጻፈበት መሣሪያው ቢነሣ እንኳ የራሱን ማንነት አጥቶ ይነሣል።

ለዚህ ሁሉ ድካም የሚገኘው ትርፍ ጥቂት ዲግሪ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ ፍጥነት ወይም የተፈቀደለትን ዋት ጥቂት ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ሳይከለከል ይሠራል። የግራፊክስ ቺፑን ቮልቴጅም ይህ የኢንቴል መቆለፊያ አይነካውም፤ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም የቮልቴጁንና የፍጥነቱን መስመር ማስተካከል ይቻላል፤ በብዙ ጨዋታዎችም ከፍተኛውን ሙቀት የሚያወጣው እርሱ ነው።

ይህም አልበቃ ብሎ ባዮሱን ለማስለወጥ ወደ ባለሙያ የምትሄዱ ከሆነ፣ ምንም ከመጻፉ በፊት ቺፑን ሁለት ጊዜ አንብቦ ሁለቱን ፋይሎች እንዲያስተያይላችሁ ጠይቁት። በአንዲት ባይት እንኳ ከተለያዩ መቆንጠጫው በደንብ አልያዘም ማለት ነውና ደግሞ ያንብብ። እኩል ከሆኑ አንዱን ቅጂ በራሳችሁ ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።