የቡናችን ስም ሀብት ነው



የሒሳብ ሠራተኛ እንደመሆኔ ሥራዬ የማኅበራችንን ሀብት መቁጠር ነው። ዛሬ ግን በመዝገባችን ላይ ስላልሰፈረ አንድ ሀብት ልንገራችሁ፤ ስለ ስም።

ቡናችን በሳይንስ ስሙ «አረቢካ» ይባላል፤ መገኛው ግን የኢትዮጵያ ደን ነው። አውሮፓውያን ቡናን ያወቁት በየመን በኩል ስለነበር ስዊድናዊው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 በዓረቦች ስም ሰየመው። «ሞካ» የሚባለውም ቡና ይጫንበት የነበረ የየመን ወደብ ነው። ቡናው የእኛ፣ ስሙ የሰው ሆነ።

የይርጋጨፌ ታሪክ ግን ሌላ ነው። በእንሰትና በዛፍ ጥላ ሥር የሚያድገው የጌዴኦ ቡና በዓለም ገበያ በቀዬው ስም ይጠራል። ይህ የእርሻ ባህል ያለበት መልክዓ ምድርም እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መንግሥታችን ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 አመለከተ። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ።

ስሙን የሚጠብቀው ግን ወረቀት ብቻ አይደለም። ቀዩን እሸት ለይታ የምትለቅመው፣ ከማድረቂያው አልጋ ላይ እንከኑን የምታወጣው ሴት ናት።

ስለዚህ ቆልተን በምንሸጠው ከረጢት ላይ «ይርጋጨፌ» ብለን ከጻፍን ውስጡም ይርጋጨፌ ይሁን። የእያንዳንዱ ጆንያ ቡና የተገዛበት ቀበሌና ቀን ይመዝገብ። ከሌላ ቡና መቀላቀል ለአንድ ሰሞን ትርፍ ያሳይ ይሆናል፤ የጠፋ ስም ግን በገንዘብ አይገዛም።