የራስ ዳርጌ ቤትና የአርሲ ደጋ

(የመግቢያ ሙዚቃ ዝቅ ይላል)

አውሮፓ ውስጥ የሳክስ ኮበርግ ቤተሰብ የቤልጂየምን፣ የፖርቱጋልን፣ የቡልጋሪያንና የእንግሊዝን ዘውድ ደፍቷል። እኛም ዘንድ ዘውድ ሳይደፋ ዙፋኑን የከበበ ቤት ነበር፤ አርሲም ያውቀዋል።

ራስ ዳርጌ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ የወንድማቸው ልጅ፣ የራስ መኮንን እናት ወይዘሮ ተናኘወርቅ ደግሞ እህታቸው። እንግዲህ ለራስ መኮንን ልጅ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአያት ወንድም መሆናቸው ነው።

ምኒልክ የአርሲን ዘመቻ የሰጡት ለእኚሁ አጎታቸው ነው። አርሲ ግን በዋዛ የሚበገር አልነበረም፤ ፈረሰኛው ጦርና ጋሻ ይዞ ጠመንጃ ከታጠቀው ሠራዊት ጋር ዓመታት ተፋለመ። በ1878 ዓ.ም. መጨረሻ አዙሌ ላይ ጠመንጃው አሸነፈ። ከአሰላ ብዙም በማይርቀው ሄጦሳ በ2006 ዓ.ም. የቆመው የአኖሌ ሐውልት፣ የተቆረጠ ጡት የያዘ እጅ፣ የዚያን ዘመን ግፍ በአርሲዎች ትውስታ ያሳያል። ሐውልቱ ዛሬም ያከራክራል። የመኳንንት ዘር ሲቆጠር ግን የተገዢው ወገን ታሪክ መዘለሉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልክ አይደለም።

ወደ ዘር ሐረጉ እንመለስ። የዳርጌ ልጅ ወይዘሮ ትሰሜ የላስታውን መስፍን ደጃዝማች ኃይሉን አግብተው ካሣን ወለዱ። ልዑል ራስ ካሣ በትውልድ ለዘውድ የሚበቁ ቢሆኑም ከተፈሪ፣ ከኋለኛው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ጎን ቆሙ።

ልጃቸው ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ከረሸናቸው ባለሥልጣናት አንዱ ነበሩ።