የትንሿ ቃኚ መርከብ ድርሻ በጠረፍ ጥበቃ



ስለ ባሕር ኃይል ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ወዲያው የሚያርፈው በታላላቆቹ የጦር መርከቦች ላይ ነው። የአንድን አገር የጠረፍ ውኃ ዕለት በዕለት የምትጠብቀው ግን ትንሿ ቃኚ መርከብ ናት። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ የእርሷን ድርሻ በአንድ የታሪክ ምሳሌ ማስረዳት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አይስላንድ መደበኛ ሠራዊት የሌላት፣ በዚያ ዘመን ኑሮዋ በአብዛኛው በዓሣ ላይ የተመሠረተ የደሴት አገር ናት። በሴፕቴምበር 1 ቀን 1972 የዓሣ ማጥመጃ ክልሏን ከ12 ወደ 50 የባሕር ማይል ስታሰፋ፣ ብሪታንያ ውሳኔውን ሳትቀበል ቀረች፤ አጥማጆቿም በክልሉ ውስጥ ሥራቸውን ቀጠሉ። መስመሩን በካርታ ላይ ማስመር ቀላል ነበር። በባሕሩ ላይ የማስከበሩ ሸክም የወደቀው ግን በጣት የሚቆጠሩ መርከቦች በነበሩት የጠረፍ ጥበቃ ድርጅት ላይ ነው።

እነዚህ መርከቦች ከጦር መርከብ ጋር በመድፍ ሊገጥሙ አይችሉም ነበር። ስለሆነም ለተግባራቸው የሚስማማ መሣሪያ ተበጀላቸው፤ ይኸውም ከመርከቧ በስተኋላ በሽቦ ገመድ የሚጎተት ስለታም መንጠቆ ነው። ቃኚዋ መርከብ ከአጥማጁ መርከብ በስተኋላ አቋርጣ ስታልፍ፣ መንጠቆው መረቡን የሚስበውን ገመድ ይዞ ይቆርጠዋል፤ መረቡም ከነዓሣው በባሕሩ ወለል ላይ ይቀራል። ኤጊር የተባለችው መርከብ በሴፕቴምበር 5 ቀን 1972 በዚህ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠቀመች። መሣሪያው የሰው ሕይወት ሳይጠፋ የአጥማጁን ትርፍ ወደ ኪሣራ የሚለውጥ ነበር።

ብሪታንያ በሜይ 1973 ፍሪጌቶቿን ላከች። ሁለቱም አገሮች የአንድ ጦር ቃል ኪዳን አባላት ስለነበሩ፣ ፍሪጌቶቹ ኃይላቸውን በሙሉ ሊጠቀሙበት አልቻሉም፤ ትግሉ መንገድ በመዝጋትና በመጋጨት ተወሰነ። በ1975 ክልሉ ወደ 200 ማይል ሲሰፋ ፍጥጫው በረታ። በሜይ 1976 ፎልማውዝ የተባለችው ፍሪጌት ታይር የተባለችውን ቃኚ መርከብ ገጭታ ልትገለብጣት ተቃርባ ነበር። ዋጋም ተከፍሎበታል፤ በ1973 አንድ የኤጊር መሐንዲስ በግጭት የተጎዳችውን መርከብ ሲጠግን በኤሌክትሪክ ተይዞ ሞቷል።

በጁን 1 ቀን 1976 በተፈረመው ስምምነት ብሪታንያ በ200 ማይሉ ክልል ውስጥ በአንድ ጊዜ ከ24 የማይበልጡ አጥማጅ መርከቦች እንዲኖሯት ተስማማች። በ1977 ደግሞ ራሷ የ200 ማይል ክልል አወጀች፤ በ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነትም ይኸው ልክ ጸደቀ። በእርግጥ ድሉ የመርከቦቹ ብቻ አልነበረም። በኬፍላቪክ የነበረው የጦር ሰፈር ሊዘጋ ይችላል የሚለው ሥጋት በድርድሩ ላይ ከፍ ያለ ክብደት ነበረው። ነገር ግን መርከቦቹ ባሕሩን ለቀው ቢሆን ኖሮ፣ ተደራዳሪዎቹ የሚይዙት ነገር ባልኖራቸው ነበር።

ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1955 ተቋቁሞ ምጽዋን ዋና ሰፈሩ ያደረገው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1962 ከአሜሪካ ያገኛትን «ኢትዮጵያ» የተባለች ታላቅ መርከብ የክብሩ መገለጫ አድርጓት ነበር። ይሁንና ከመቶ በላይ ደሴቶች ባሉት በዳህላክ ዙሪያ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃና በኮራል ድንጋይ መካከል ለመመላለስ ይበልጥ የሚስማሙት ትንንሾቹ የጥበቃ ጀልባዎች ነበሩ። በ1993 ኤርትራ ነፃ ስትወጣ አገራችን የባሕር ጠረፍ አልባ ሆነች፤ ያ ኃይልም በ1996 ፈረሰ። ባሕር ኃይልን እንደገና የማቋቋም ሐሳብ ግን ተነሥቶ በ2019 ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈርሟል።

እንግዲህ ይህ ጉዳይ በሚመከርበት ስፍራ ሁሉ፣ የሙያው ባለቤቶች የሆንን ልናሳስበው የሚገባ ነገር አለ። መርከብ የሚመረጠው በቁመቱና በመድፉ ብዛት ሳይሆን፣ በዓመት ስንት ቀን በባሕር ላይ ሊቆይ እንደሚችል፣ በጥገናው ቀላልነትና በሠራተኞቹ ትዕግሥት ተመዝኖ ነው። ታላቁ መርከብ ወደብ ውስጥ ታስሮ ሲውል ሕጉም አብሮት ታስሮ ይውላል፤ ትንሿ መርከብ ባለችበት ግን ሕግ አለ።