ከሰል ሁሉ መድኃኒት አይደለም
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በየመኝታ ክፍላችን፣ በመጽሐፍና በደብተር መካከል የፓራሲታሞል ኪኒን አይጠፋም። በልኩ ሲወሰድ ባለውለታችን ነው። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ይኸውም ባለ500 ሚሊግራም ከሆነ ከ8 ፍሬ መብለጥ የለበትም። ከልኩ ሲያልፍ ግን ጉበትን ይጐዳል። ከሁሉ የከፋው ዝምታው ነው። የመጀመሪያው ቀን በጥቂት ማቅለሽለሽ ወይም ምንም ሳይሰማ ያልፍና ጉዳቱ የሚገለጠው በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ነው።

ለዚህ አደጋ ሐኪሞች ከሚጠቀሙባቸው ነገሮች አንዱ ከዕፀዋት የሚሠራው አክቲቬትድ ካርቦን ነው። እንጨቱ ወይም የኮኮናቱ ቅርፊት በመጀመሪያ አየር በተነፈገው ምድጃ ይከስላል። ቀጥሎ ከ800 እስከ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት የውሃ እንፋሎት ይለቀቅበታል። እንፋሎቱ ካርቦኑን እየበላ ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይቦረቡርበታል። በዚህም የ1 ግራም ዱቄት ጠቅላላ ገጽ ከ1000 ካሬ ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ ከሁለት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ይሰፋል ማለት ነው። ኪኒኑ ገና በጨጓራና በአንጀት ውስጥ ሳለ በዚህ ገጽ ላይ ይጣበቅና ወደ ደም ሳይገባ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል።

«እንግዲያው የማድቤቱን ከሰል ወቅጠን ብናጠጣስ?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። መልሳችን፣ በፍጹም አይሆንም! ነው። የማድቤት ከሰል በእንፋሎት አልተቦረቦረም፤ ገጹ ጠባብ ነው፤ አመድና ቆሻሻም አለበት። በየመፈልፈያው ተከምሮ ከሚበሰብሰው የቡና ገለፈታችን አክቲቬትድ ካርቦን ሊሠራ እንደሚችል በቤተ ሙከራ ታይቷል። ይሁን እንጂ በሽተኛ የሚጠጣው ዱቄት ንጽሕናውና ኃይሉ ተመርምሮ መረጋገጥ አለበት። ይህ ለኬሚስትሪና ለፋርማሲ ተማሪዎች የሚገባ ሥራ ነው።

እውነተኛውን ዱቄት ቢሆን የሚያዘው ሐኪም ነው። ለአዋቂ የተለመደው 50 ግራም ያህል በውሃ ተበጥብጦ ሲሆን፣ ይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያው 1 ሰዓት ውስጥ ነው። ራሱን ለሳተ ወይም ላንቀላፋ ሰው በግድ ቢግቱት ወደ ሳንባ ገብቶ ሊገድለው ይችላል። ሰዓቱ ካለፈም ተስፋ አይቈረጥም፤ አሴቲልሲስቴን የሚባል ማርከሻ አለ። እርሱም በ8 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር እጅግ ፍቱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም በመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገቡ አስፍሯቸዋል።

ጓደኞቻችን ሆይ! በስሕተትም ይሁን ኑሮ መሮት ከልክ በላይ የዋጠ ጓደኛ ስታገኙ አትቈጡት፤ ብቻውንም አትተዉት። «ደኅና ነኝ» ቢላችሁም ሕመሙን አትጠብቁ። የኪኒኑን መያዣ ያዙ፤ የዋጠበትን ሰዓት ጻፉ፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል አድርሱት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን!