ሰፈር ስለ መምረጥና ስለ ተማሪ ልጅ መንገድ



ሰው ቤት ሲለውጥ አስቀድሞ የሚጠይቀው የኪራዩን ልክ፥ የክፍሉን ብዛትና የውሃውን ነገር ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ቤተሰብ የሚኖረው በገቢው መጠን ነውና። ነገር ግን ለትምህርት የደረሱ ልጆች ያሉት የአዲስ አበባ ነዋሪ ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ሲሄድ፥ በውሉ ላይ ያልተጻፈ ሌላ ኪራይ ይጠብቀዋል። ይኸውም ልጁ በየማለዳው በእግሩና በእንቅልፉ የሚከፍለው ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ያልተጻፈው ኪራይ ከፊርማው በፊት ይታሰብ ዘንድ ለማሳሰብና የመምህራንንም ድርሻ ለማመልከት ነው።

በጥንቱ ሥርዓት ተማሪ ወደ መምህሩ ይሄድ ነበር። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቦ ከአገሩ ሲወጣ፥ የሚያድረው በመምህሩ ደጅ ስለ ነበረ፥ መንገዱ ረጅም ቢሆንም በየቀኑ የሚመላለስበት አልነበረም። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም አዳሪ ተማሪዎችን ይቀበል ነበር። እንግዲህ የቀድሞ ሰዎች የርቀትን ችግር ያቃለሉት ልጁን ከትምህርቱ አጠገብ በማሳደር ነው። የዛሬው ተማሪ ግን ማታ ወደ ቤቱ የሚመለስ ስለ ሆነ፥ የርቀቱ ዋጋ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይከፈላል።

ከተማዪቱም ወደ ዳር እጅግ ሰፍታለች። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ሥራ ጀሞን፥ የካ አባዶን፥ ቦሌ አራብሳን፥ ቱሉ ዲምቱንና ኮዬ ፈጬን ብዙ ሕዝብ የሚኖርባቸው ሰፈሮች አድርጓቸዋል። በ1997 ወይም በ2005 ዓ.ም. ተመዝግቦ አያሌ ዓመት ሲቆጥብ የኖረ ሰው ዕጣ ሲወጣለት ደስታው ታላቅ ነው፤ ሆኖም ሰፈሩን የመረጠለት ዕጣው ነው እንጂ እርሱ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት ከመካከለኛው ከተማ ተነሥተው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች የገቡ ቤተሰቦች አሉ። የፒያሳ ነባር ሰፈሮች የፈረሱት በየካቲትና በመጋቢት፥ በትምህርቱ ዘመን እኩሌታ ስለ ነበረ፥ ለተማሪ ልጆች ወቅቱ የከበደ ነበር። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ምርጫው ጠባብ ነው። ቢሆንም ሰፈርን መምረጥ ላልቻለ ሰው ትምህርት ቤትንና መንገድን መምረጥ ይቀርለታል። ባለ ዕጣውም የደረሰውን ቤት አከራይቶ፥ ልጆቹ ትምህርታቸውን እስኪፈጽሙ ድረስ በትምህርት ቤታቸው አቅራቢያ ሊከራይ ይችላል። ይህን የሚያደርግ ሰው በገዛ ቤቱ አልኖረም ተብሎ ሊታዘን አይገባም፤ አስቦ የሠራ ነውና።

ነገሩን በቁጥር መመልከት ይጠቅማል። አንድ ልጅ ለመሄድ 1 ሰዓት፥ ለመመለስም 1 ሰዓት ቢፈጅበት፥ በሳምንት 10 ሰዓት በመንገድ ላይ ያሳልፋል። የትምህርቱ ዘመን 40 ሳምንት ነው ብንል 400 ሰዓት ይሆናል። ይህ ለ6 ሰዓት የትምህርት ቀን ሲካፈል ከ66 ቀን ይበልጣል፤ ወደ ሦስት ወር የሚጠጋ የትምህርት ጊዜ ማለት ነው። በታክሲ ሰልፍ የቆመ፥ ወይም በአውቶቡስ ተጣቦ የመጣ ልጅ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ቢያንቀላፋ፥ መምህሩ ሰነፍ ነው ከማለቱ በፊት ከየት እንደ መጣ ሊጠይቀው ይገባል። በርቀቱ ምክንያት በኪራይ የቀነሰው ገንዘብም ለታክሲና ለተማሪ ማመላለሻ ሰርቪስ ተከፍሎ ሊያልቅ ስለሚችል፥ ሁለቱን ሒሳብ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ማስተያየት የብልህ ቤተሰብ ሥራ ነው።

ሰፈር የሚመረመረው እሑድ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሞቆ ሳለ አይደለም። መርማሪው በሥራ ቀን ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ ከዚያው ተነሥቶ ልጁ የሚሄድበትን መንገድ ልጁን ይዞ ይሂድ። የሚሻገረው አስፋልት ስንት እንደ ሆነ፥ የእግረኛ መንገድ መኖሩን፥ ታክሲው ለሕፃን ቦታ የሚሰጥ መሆኑን በዐይኑ ይይ። ቢቻል ደግሞ በሐምሌ ይሂድ፤ በጥር አቧራ ብቻ የሚታይበት መንገድ በክረምት ጭቃና ጎርፍ ሊሆን ይችላልና። ከዚያም ትምህርት ቤቱ ገብቶ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንደሚቀመጥ፥ መጸዳጃው ውሃ ያለው መሆኑን፥ መምህራኑም የሚቆዩ ወይም ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጡ መሆናቸውን ይጠይቅ። የቀለሙ ውበት ብዙ አይነግርም።

ጊዜን መምረጥም ከሰፈር ምርጫ የማይተናነስ ነገር ነው። አቅም ላለው ቤተሰብ ማለፊያው ጊዜ ትምህርት ተዘግቶ መስከረም እስኪጠባ ያለው ክረምት ነው፤ ልጁ መሸኛውንና የውጤት ካርዱን ይዞ ከሌሎች ጋር እኩል ይጀምራልና። ይልቁንም በአዲስ አበባ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የከተማውን ፈተና፥ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችም አገር አቀፉን ፈተና ስለሚወስዱ፥ በእነዚህ ክፍሎች ያለ ልጅ ዓመቱን ሳይጨርስ ባይነቀል ይሻላል።

ከከተማው ወሰን የሚወጣ ቤተሰብ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለው። በአዲስ አበባ ብዙዎቹ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአማርኛ ሲያስተምሩ በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩም አሉ። ሰበታን፥ ቡራዩን፥ ለገጣፎ ለገዳዲንና ሱሉልታን ከሌሎች ጋር አቅፎ በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ሸገር ከተማ ግን በኦሮሚያ ክልል ሥር ያለ ስለ ሆነ፥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ዋና ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው። አንደኛ ክፍል የሚገባ ሕፃን ከሰፈሩ ልጆች ጋር እየተጫወተ ቋንቋውን ቶሎ ሊይዝና ሁለት አንደበት ሊያተርፍ ይችላል። አምስት ዓመት በአንዱ ቋንቋ የተማረ ልጅ ግን ሳይዘጋጅ በሌላው ቢፈተን፥ የሚያውቀውን ሳይቀር እንደማያውቅ ሆኖ ይታያል። ይህ የፍርሃት ሳይሆን የመሰናዶ ጉዳይ ስለ ሆነ፥ ወላጅ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ልጁንም አስቀድሞ ያለማምድ።

ደግሞም ልጅ የሚያድገው በአባትና በእናት ብቻ አይደለም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንደ ተባለው፥ በነባሩ ሰፈር ከትምህርት ቤት የተመለሰውን ልጅ የምታይ የቡና አጣጭ፥ ሲያጠፋም የሚቆጣው የዕድር አባል ነበረ። አዲስ በተሠራው ፎቅ ላይ ግን በሮቹ የተዘጉ ናቸው፤ ወላጆችም ከሥራ የሚመለሱት ከመሸ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቤተሰቡ በገባበት ሳምንት ጎረቤቱን ቡና ይጥራ፤ ዕድርም ይግባ። ከ9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ ልጁ በማን ዐይን ሥር እንደሚውል ያልታወቀበት ቤት፥ መስኮቱ ቢሰፋም ገና አልተሟላም።

ወጪንም በሚመለከት፥ የከተማው አስተዳደር ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ ስለሚያካሂድ፥ ልጁን ወደ ግል ትምህርት ቤት ለማዛወር ያሰበ ወላጅ ከወርኃዊው ክፍያ ሌላ የሚቀርበትንም ምግብ በሒሳቡ ውስጥ ሊያገባው ይገባል።

የመምህራን ድርሻ እንግዲህ ምንድን ነው? አንደኛ፥ ወላጅ ሊያማክር ሲመጣ ስለ ክፍሉ ጥበትም ሆነ ስለ መንገዱ እውነቱን መንገር ነው፤ ትምህርት ቤቱን ማስመሰገን ከልጁ ጥቅም አይቀድምምና። ሁለተኛ፥ ልጁ ሲለቅ መሸኛውን ሳያጉላሉ መስጠት፥ በጠባይና በትምህርት ያለውን ብርታትና ድካምም ለሚቀበለው መምህር ጽፎ መላክ ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው፥ እንግዳ ልጅ በር ላይ ሲቆም በስሙ ጠርቶ፥ ከደኅና ጓደኛ አጠገብ አስቀምጦ፥ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በትዕግሥት መመልከት ነው። ያ ልጅ የለመደውን ሜዳ፥ የመንገድ ጓደኞቹንና ምናልባትም የተወለደበትን ግቢ በአንድ ቀን ትቶ መጥቷል። ሐዘኑን ግን በቃል አይናገርም፤ ደብተሩን ባለመጻፍ ወይም ጥጉን ይዞ በመቀመጥ ይገልጸዋል።

ቤት ግድግዳና ጣራ ነው፤ ሰፈር ግን ልጅ ከበሩ ወጥቶ በደኅና እስኪመለስ ድረስ ያለው ሁሉ ነው። ወላጅ ይህን መንገድ አስቀድሞ በእግሩ ቢለካ፥ መምህርም በመንገዱ መጨረሻ ልጁን በመልካም ፊት ቢቀበለው፥ ዕጣ ወይም ችግር የመረጠው ሰፈር እንኳ ውሎ አድሮ የልጁ አገር ይሆናል።